ባንጃር፣ ሂማቻል፦ ገጠር ውስጥ ቤት መያዝ ይቻላል? መንገዱስ እንዴት ነው?

ዳዊት_ሾላ
ሰላም ለዚህ ቤት። ዱባይ ነው ያለሁት። አብሮኝ የሚሠራ የቻንዲጋር ልጅ አለ፤ ስለ ባንጃር ማውራት ከጀመረ ማን ያስቆመዋል። ሰሜን ህንድ፣ ሂማቻል ፕራዴሽ ክልል፣ ኩሉ የሚባለው አውራጃ ውስጥ ያለች ትንሽ የገበያ ከተማ ናት። ከከተማዋ በላይ ተራራው ላይ መንደሮች አሉ። የእንጨትና የድንጋይ ቤት፣ የፖም ማሳ፣ ከታች ቲርታን ወንዝ። ፎቶውን አይቼ ቀልቤ እዚያው ቀረ።

በሱ በኩል አንድ ደላላ ተዋወቅኩ። «የ99 ዓመት ሊዝ፣ አሮጌ ቤት ከነማሳው፣ ግማሹን አሁን ላክ» ይላል። የእንግዳ ማረፊያ ላደርገው አስቤ ነበር። ባንጃርን የረገጠ ካለ እስቲ የሚያውቀውን ጣል ያድርግልኝ።

ጎራዳው
ሾላ ላይ ኮንዶሚኒየም ሳይወጣልህ ሂማላያ ላይ ማሳ? ክሩን ተከትያለሁ፣ ቀጥሉ።

ፖም_ተማሪ
ዳዊት፣ ብሩን ያዝ። ሳንቲም እንዳትልክ።

ቻንዲጋር ነው የምማረው። ሦስተኛ ዲግሪዬ የፖም ነገር ስለሆነ በለቀማው ወራት ከባንጃር መንደሮች አልጠፋም። አገሩን እወደዋለሁ፤ የምነግርህ ልብህን ለመስበር አይደለም።

መጀመሪያ ሕጉ። ሂማቻል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1972 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ) የወጣ የመሬት ሕግ አለ። ክፍል 118 የሚሉትን ሻይ ቤት የተቀመጠ ሽማግሌ ሳይቀር በቁጥሩ ይጠራዋል። ባጭሩ፣ የክልሉ ገበሬ ላልሆነ ሰው መሬት አይተላለፍም ነው የሚለው። ሽያጭ ብቻ እንዳይመስልህ። ስጦታም፣ ልውውጥም፣ ሊዝም፣ ወለድ አግድም ተካቷል። የክልሉ መንግሥት ለይቶ ከፈቀደ ብቻ ነው ቀዳዳ ያለው። ይሄ የዴልሂውን ሀብታም ብቻ የሚመለከት አይደለም። የክልሉ ዋና ከተማ ሺምላ ተወልዶ ያደገ፣ ግን የእርሻ መሬት የሌለው ነጋዴም ያው ነው።

ሁለተኛ፣ አንተ የውጭ ዜጋ ነህ። ህንድ ውስጥ የማይኖርና የህንድ ዘር የሌለው ሰው እዚያ አገር ቤትም መሬትም አይገዛም። መከራየት ይችላል፣ እሱም ያለ ልዩ ፈቃድ እስከ 5 ዓመት ነው። 99 ዓመቱን ደላላው ከየት እንዳመጣው እሱ ይወቀው።

ዳዊት_ሾላ
ኧረ ባክሽ! እሱ ግን «ወረቀቱን በአጎቴ ስም እናደርገዋለን፣ አጎቴ ገበሬ ነው፣ አንተ በውስጥ ውል ትይዛለህ» ብሎኛል። ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው አለ።

ነገረፈጅ
ወንድሜ፣ የውስጥ ውል የሚባል ነገር ስንቱን ቤት እንደበላ አዲስ አበባ ፍርድ ቤት ሄደህ ጠይቅ። አጎትየው ነገ ቢክድህ በየትኛው ወረቀት ነው የምትከሰው? ሕገ ወጥ ውልህን ይዘህ ዳኛ ፊት ልትቆም?

ፖም_ተማሪ
ነገረፈጅ ጨረሰው። በሰው ስም መግዛትን እዚያ «ቤናሚ» ይሉታል። ወንጀል ነው፣ ንብረቱም ይወረሳል። ብዙ ሰው ያደርገዋል ማለቱ ውሸት ላይሆን ይችላል። ሲያዝ ግን የሚጠፋው የአንተ ገንዘብ ነው።

ነገረፈጅ
አንድ ነገር ልጠይቅሽ እህቴ። የኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ይላል፣ የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የነሱ ገበሬ ግን ባለቤት ነው፣ ለገበሬ ሊሸጥ ይችላል ማለት ነው? መዝገቡስ ማን ጋ ነው ያለው?

ፖም_ተማሪ
አዎ፣ ባለቤት ነው፣ ለሌላ የሂማቻል ገበሬ ይሸጣል። መዝገቡ ያለው ፓትዋሪ የሚባል የመሬት ሹም ጋ ነው። ለተወሰኑ መንደሮች አንድ ፓትዋሪ አለ። ሁሉም ሰው በሆነ ነገር እሱን ይፈልገዋል፣ ሻይ የሚጋብዘው አያጣም።

አንዴ ከማርፍበት ቤት አባወራ ጋር ቢሮው ሄጄ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ትልቅ ጨርቅ ዘረጋ። ጨርቁ ካርታ ነው። እያንዳንዷ እርከን በቀጭን መስመር ተከባ ቁጥር ተሰጥቷታል። ጨርቁ በታጠፈበት በታጠፈበት ቀለሙ ለቋል። ዛሬ መዝገቡ ኢንተርኔት ላይም ይታያል። አባወራው ግን የሚያምነው ጨርቁን ነው። ጣቱን ቁጥሩ ላይ አድርጎ «ይቺ የኔ፣ ይቺ የወንድሜ፣ ይቺ የአክስቴ ልጆች» እያለ አሳየኝ።

መሬቱ በቢጋና በቢስዋ ነው የሚለካው። 20 ቢስዋ አንድ ቢጋ ነው፣ 12 ቢጋ ግድም አንድ ሄክታር ይሆናል። የብዙው ሰው ድርሻ ጥቂት ቢጋ ነው። ያችም በአንድ ቦታ አይደለችም፣ አንዷ ወንዝ ዳር፣ ሌላዋ ጫካ ጥግ። ብዙ ጊዜ ደግሞ ያልተከፋፈለ የጋራ ነው። አንድ ቤት ላይ አያት፣ ሦስት ወንድማማች፣ ዴልሂ የሚሠራ የወንድም ልጅ፣ ሁሉም በመዝገብ አሉበት። ርስት ያለፈበት አገር ሰው ይሄ አይጠፋውም። ደላላህ «ቤቱን» ሲል የማንኛውን ወንድም ድርሻ እንደሆነ ጠይቀው እስቲ።

ሌላም ባለ መሬት አለ፤ አማልክቱ። ቀልድ አይደለም። በኩሉ እያንዳንዱ መንደር የራሱ ዴቭታ አለው፣ በዴቭታው ስም የተመዘገበ መሬትም አለ። ከባድ ነገር ሲያጋጥም ሰዎቹ ጉር የሚባለውን ሰው ይጠይቃሉ፣ መንፈሱ በሱ ላይ አድሮ ይናገራል። የመንገድ ሥራ ሳይቀር «ዴቭታው አልፈቀደም» ተብሎ ሲያከራክር ሰምቻለሁ።

ጎራዳው
መሬት አስተዳደር ቢሮ ከሚያመላልስህ ዴቭታው አንዴ እምቢ ቢልህ አይሻልም?

ሐቀኛ_ነኝ
እኔ ግን ይሄ ሕግ አይዋጥልኝም። ገበሬው መሬቱ ወርቅ የሚያወጣ ሆኖ ሳለ ለሌላ ድሃ ገበሬ በርካሽ እንዲሸጥ ይገደዳል። ልጁ ታሞ ሆስፒታል ሲገባ ሕጉ አይከፍልለትም። «እንጠብቅህ» ብሎ ድሃ አድርጎ ማስቀረት ነው። የኛም አገር ነገር ያው ነው።

ፖም_ተማሪ
የምትለው እውነት አለበት። እዚያም የሚሉ አሉ፣ በተለይ ወጣቶቹ። እኔ ግን ከሕጉ ጋር ነኝ። ምክንያቴን ልንገርህ። ከባንጃር ወደ ላይ ጂቢ የምትባል መንደር አለች። ቱሪስት አጥለቅልቋታል፣ መንገድ ዳር ካፌና ጎጆ ሆቴል ተደርድሯል። ገንዘብ ያለው ሰው እንደልቡ መግዛት ቢችል ኖሮ ያ ሁሉ እርከን ዛሬ የማን ይሆን ነበር? አሁን ቢያንስ ኪራይ ተቀባዩ ያው ገበሬው ነው። ከ2008 ጀምሮ ደግሞ ቤተሰብ የሚኖርበትን ቤት ክፍሎች አስመዝግቦ ለእንግዳ የሚያከራይበት የክልሉ መርሃ ግብር አለ። እናትየዋ ታበስላለች፣ ልጅየው እንግዳ ይዞ ተራራ ይወጣል። መሬቱ የትም አልሄደ።

ገበሬውን የቀማው ሌላ ነገር ነው ካልክ ግን ስለ ጫካው እናውራ። ከላይ ታላቁ የሂማላያ ብሔራዊ ፓርክ አለ። በ1999 ነው በይፋ ፓርክ የሆነው፣ በ2014 ዩኔስኮ መዘገበው። ለዓለም ቆንጆ ዜና ነው። ለመንደሩ ግን በበጋ በጎቹን የሚያወጣበት መስክ፣ መድኃኒት ሥር የሚቆፍርበት፣ ጉቺ የሚባለውን ውድ እንጉዳይ የሚለቅምበት ጫካ ተዘጋበት ማለት ነው። አሮጊቶቹ ዛሬም ሲያነሱት ድምፃቸው ይቀየራል።

ከሬሆቮት
ሰላም፣ እኔም ልግባበት። ከሠራዊት እንደወጣን እኛ እስራኤል ያለነው ህንድ መሄድ ልማድ ነው፣ እኔም እንደሁሉም ካሶል ወረድኩ። እሱ ፓርቫቲ ሸለቆ ነው፣ ሜኑው ሳይቀር በዕብራይስጥ ነው፣ ጓደኞቼን ሁሉ እዚያ አገኘኋቸው። ሰለቸኝ። አንዷ «ቲርታን ሂጂ፣ ጸጥ ያለ ነው» ብላኝ ነው ባንጃር የደረስኩት።

ቤቱን ልንገራችሁ። ሲሚንቶ የሚባል የለበትም። አንድ ዙር ድንጋይ፣ አንድ ዙር የዴዎዳር ግንድ፣ እንዲህ እየተደራረበ ይወጣል። ማዕዘኑ ላይ ግንዶቹ ተጠላልፈው ይያያዛሉ። መሬት ሲንቀጠቀጥ ቤቱ አብሮ ይወዛወዛል እንጂ አይፈርስም ይላሉ። ጣሪያው ድንጋይ ነው፣ ስስ ሆኖ የተጠረበ። ታች ላሞቹ ናቸው፣ መሃል እህል፣ ላይ ሰው። በክረምት የላሞቹ ሙቀት በወለሉ ሽቅብ ይመጣል። ሽታውም አብሮ፣ ግን ይለመዳል።

ያላችሁት ሁሉ ውብ ነው፣ አንድ ነገር ግን አልተነሳም። የቤቱ ምራት ለጥቂት ቀናት ላይ አልወጣችም። ታች ከላሞቹ አጠገብ ነበር የምትተኛው፣ ምድጃም አትነካም፣ ምግቧን አማቷ ታወርድላታለች። የወር አበባ ላይ ስለሆነች ነው። ልጅቷ ኮሌጅ የጨረሰች ናት። እኔ ተናደድኩ። በኋላ ለአያቴ በስልክ ስነግራት ሳቀች። «እኛስ ጎንደር የመርገም ጎጆ አልነበረንም? ሰባት ቀን ከሴቶቹ ጋር ቁጭ ብለን እናርፍ ነበር» አለችኝ። ማረፍ! እኔ እስካሁን አልተስማማሁም፣ እሷም አልተስማማችም።

ፖም_ተማሪ
አዎ፣ ኩሉ ገጠር ውስጥ በብዙ መንደር አለ። መንግሥትም የሴቶች ማኅበራትም ዘመቻ ያደርጋሉ፣ በአንዳንድ ቤት ቀርቷል። ሴት እንግዶች ሊጠየቁ እንደሚችሉ ማወቅ አለባቸው። ቤተ መቅደስ አካባቢ ደግሞ ለሁሉም የሚሠራ ሕግ አለ። ቆዳ የሆነ ነገር አይገባም። ጫማ፣ ቀበቶ፣ ቦርሳ።

ስለ ቤቱ ዳዊት ልብ ብሎ ቢያነበው ጥሩ ነው። አሮጌውን ቤት መጠገን ከባድ ነው። ዴዎዳር የአርዘ ሊባኖስ ዘመድ ነው፣ ጫካው የመንግሥት ነው፣ እንደ ልብ አይቆረጥም። ነባር መብት ያለው የመንደር ሰው ነው በቅናሽ ዛፍ የሚያገኘው፣ እሱም ተመዝግቦና ጠብቆ። ስለዚህ ሰው ወደ ሲሚንቶ እየሄደ ነው።

እሳቱ ደግሞ አለ። ቤቶቹ ተጣብቀዋል፣ ለክረምት የተከመረው ድርቆሽና ማገዶ እዚያው ነው፣ የእሳት አደጋ መኪና የሚገባበት መንገድ የለም። እ.ኤ.አ. በ2025 የመጀመሪያው ቀን ላይ ታንዲ የምትባል የባንጃር መንደር በአንድ እሳት ከደርዘን በላይ ቤት አጥታለች። ያ ሁሉ ሰው በጥር ብርድ ውጭ ቀረ።

አዳማ_ቨርጂኒያ
ልጆች፣ ጥሩ ነገር ነው የምትጽፉት። እኔ መሬት አልፈልግም፣ የራሴም አድክሞኛል። ልጄ ዴልሂ ለሥራ ትሄዳለችና አብሬያት ልሄድ ነው። ስለ ቼህኒ ግንብ አንብቤ ማየት አማረኝ። ስድሳን አልፌያለሁ፣ ጉልበቴም እንደ ድሮው አይደለም። ይቻለኛል? መንገዱስ ያስፈራል ይላሉ።

ፖም_ተማሪ
እትዬ፣ እንኳን ደህና መጡ። በዝርዝር ልንገርዎ፣ ለዳዊትም ይሆናል።

ከዴልሂ ወደ ማናሊ የሚሄዱ የሌሊት አውቶቡሶች አሉ። ማታ ተነስተው ጠዋት አውት ይደርሳሉ። አውት ላይ ትልቅ ዋሻ አለ፣ 3 ኪሎ ሜትር ግድም ይሆናል። ከዋሻው በፊት ነው መውረድ ያለብዎ። ረዳቱን አስቀድመው ይንገሩት፣ ደግመውም ይንገሩት፣ እንቅልፍ ከወሰደዎ ኩሉ ነው የሚነቁት። ከዋሻው አፍ ወደ ቀኝ የሚገነጠለው መንገድ ላርጂ ግድብን አልፎ ባንጃር ያገባል። የመንደር አውቶቡስ አለ፣ ታክሲም አለ። በርስዎ ዕድሜ ታክሲውን ይያዙ።

መንገዱ ያስፈራል ላሉት አልዋሽዎትም፣ ጠባብ ነው፣ በአንድ በኩል ገደል ነው። በሰኔ 2019 ሰው ጢም አድርጎ የጫነ አንድ አውቶቡስ ባንጃር አጠገብ ገደል ገብቶ ከ40 በላይ ሰዎች ሞተዋል። የሕዝብ አውቶቡስ ውስጥ ሰው ከሞላ፣ ጣሪያም ላይ ከተጫነ ይተዉት፣ ቀጣዩን ይጠብቁ። እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው፣ ሾፌሮቹ ቢስቁብኝም። ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም አጋማሽ ዝናብ ነው፣ ተራራው ይናዳል። በ2023 ሐምሌ ጎርፉ የኩሉን መንገዶች ጠራርጎ ነበር። በዚያ ወቅት ባይመጡ ይሻላል።

ቼህኒ ከባንጃር ብዙም አይርቅም። ሽሪንጊ ሪሺ የሚባለው ዴቭታ ቤተ መቅደስ ባጊ መንደር ነው፣ እስከዚያ አካባቢ መኪና ይወጣል። ከዚያ በኋላ በፖም ማሳ መሃል ሽቅብ የእግር መንገድ ነው። ቀስ እያሉ፣ እየተቀመጡ ይወጡታል፣ ዱላ ይያዙ። ግንቡ ያንኑ የድንጋይና የእንጨት ድርድር ነው፣ ግን ሽቅብ እንደ ፎቅ ተሰቅሎ። ድሮ ከዚህም ይረዝም ነበር፣ በ1905 የመሬት መንቀጥቀጥ ላዩን አጣ ይላሉ። መግቢያው ከመሬት ከፍ ያለ ነው። እላይ ያሉት በሮች ደግሞ በተጠረበ ግንድ መሰላል ነው የሚደረስባቸው። አይሞክሩት፣ ከታች ማየቱ ይበቃል።

ጃሎሪ የሚባለው የተራራ ማለፊያ ድረስ መኪና ይወስድዎታል። ከፍታው 3,120 ሜትር ግድም ነው፣ ከእንጦጦ ጫፍ ብዙ አይለይም። ብርዱ ግን ሌላ ነው፣ በክረምት በረዶ መንገዱን ይዘጋዋል።

አዳማ_ቨርጂኒያ
ተባረኪ ልጄ። ምግቡስ? እኔ ቅመም የበዛበት አይስማማኝም።

ከሬሆቮት
እማማ፣ ሲዱ ይዘዙ! ከስንዴ ሊጥ ነው፣ ሊጡ ይቦካል፣ ውስጡ ዋልነት ወይም የፖፒ ፍሬ ተወቅጦ ይገባና በእንፋሎት ይበስላል። ላዩ ላይ ቅቤ ያፈሱበታል። ሲቆርሱት እንደኛ ቤት ዳቦ ሙቀቱ ፊትዎን ይመታዎታል። ቅመሙ የለዘበ ነው።

ጎራዳው
ዓሣ አለ ወይ? ወንዝ ካለ መንጠቆዬን ይዤ ነው የምመጣው።

ፖም_ተማሪ
ትራውት አለ፣ እንግሊዞች ያመጡት ነው። ያለ ፈቃድ ግን አይጠመድም፣ ከዓሣ ሀብት ቢሮ ወረቀት ታወጣለህ። ወንዙ ዛሬ እንደዚህ የሚያምረው በአጋጣሚ እንዳይመስልህ። ዲሌ ራም ሻባብ የሚባሉ የቀድሞ የባንጃር ሕዝብ ተወካይ የኃይል ማመንጫ ግድቦች ቲርታን ላይ እንዳይሠሩ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ታግለዋል። አውት ላይ ቢያስን ታየዋለህ፣ ግድብ ያለበት ወንዝ ምን እንደሚመስል። ከዚያ ወደ ላይ ስትወጣ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ዳዊት_ሾላ
ወገኖቼ፣ ሁሉንም አነበብኩ። ለደላላው «በመዝገቡ ላይ ያሉትን ወንድማማቾች ስም ዝርዝር ላክልኝ» ብዬ ጻፍኩለት። «ነገ» አለኝ። ያ ነገ እስካሁን አልመጣም፣ ሰማያዊውን ምልክት ግን አያለሁ፣ አንብቦታል።

እንግዲህ በእንግድነት እሄዳለሁ። ጥቅምት ይሻላል ወይስ ሚያዝያ?

ፖም_ተማሪ
ሚያዝያ የፖም አበባ ነው፣ ማሳው ሁሉ ነጭ ይሆናል። ጥቅምት ደግሞ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ለቀማው አልቋል፣ ሰው እፎይ ብሎ ያወራሃል። ግን የኩሉ ዱሴራ የሚውልበትን ቀን አስቀድመህ እይ። በሌላው ህንድ በዓሉ ሲያልቅ ነው እዚያ የሚጀምረው፣ አንድ ሳምንት ይቆያል። ከሁለት መቶ በላይ ዴቭታዎች በሰው ትከሻ፣ በከበሮና በመለከት ኩሉ ከተማ ይገባሉ። መንደሩ ግማሹ ከዴቭታው ጋር ይሄዳል። የዚያን ሳምንት መንደር ብትወጣ የሚቀበልህ ውሻ ነው። ወይ አብረህ ኩሉ ውረድ፣ ወይ ሲመለሱ ጠብቅ።

የቤተሰብ ማረፊያ ስትይዝ የተመዘገበ መሆኑን ጠይቅ። የውጭ ዜጋ የሚያሳድር ሁሉ ፎርም ሲ የሚባል ማሳወቂያ የመሙላት ግዴታ አለበት። ፓስፖርትህንና ቪዛህን ካልጠየቀህ ጠርጥር።

ዳዊት_ሾላ
ገንዘብስ? ካርድ ይሠራል?

ፖም_ተማሪ
መንደር ላይ ካርድ እርሳው። ሽንኩርት ሻጩ ሳይቀር በስልክ ነው የሚቀበለው፣ የህንድ ባንክ ሒሳብ ለሌለው ግን ያ ጣጣ አለው። ባንጃር ገበያ ላይ ኤቲኤም አለ፣ ገንዘብ የሚያልቅበት ቀንም አለ። ሩፒህን ዴልሂ መንዝረህ፣ በትንንሹ ዘርዝረህ ና። የአምስት መቶ ሩፒ ኖት አውጥተህ የሃያ ሩፒ አውቶቡስ ስትከፍል ረዳቱ የሚያይህን አስተያየት አትፈልገውም።